ፕላስ ሦስት

እሑድ፣ ኦክቶበር 5። ከቀኑ 10 ሰዓት

አርባ አንድ ሰው አንስቼ አንድ ደህና ፎቶ የለኝም። አንድ!

ከቅዳሴ በኋላ፣ አዳራሽ ውስጥ። ሰዉ ሁሉ ነጭ ለብሷል። ነጭ ልበሱ ብዬ ያስነገርኩት እኔ። ከኋላ ነጭ መጋረጃ የሰቀልኩትም እኔ፣ ያምራል ብዬ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር። ካሜራ ነጭ ሲበዛበት ይደነግጥና ሁሉን ያጨልማል፤ ነጠላው አመድ፣ ፊቱ ከሰል። ጋሽ ወርቁ ነግረውኝ ነበር። ጋሽ ወርቁ አዳማ ላይ ሠላሳ ዓመት ፎቶ ቤት የነበራቸው፣ አሁን ፓይን ሌክ ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ካሜራ የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከሳቸው ነው። ነጭ ሲበዛ ፕላስ ስጠው ብለውኛል።

ካሜራዬ አናት ላይ ፕላስና ማይነስ የተጻፈባት የምትዞር ቁልፍ አለች። ወደ ፕላስ ስትዞር ፎቶው ይፈካል፤ ወደ ማይነስ ስትዞር ይጠቁራል። ፕላስ አንድ ሰጠሁ። በካሜራው ማያ ቀዳዳ አየሁ፣ ጨለማ። ፕላስ ሁለት፣ ጨለማ። ፕላስ ሦስት፣ ከዚያ በላይ አትሄድም። እዚያ ላይ ደህና መሰለኝ። በዚያው ጨረስኩ።

ቤት ገብቼ ስልኬ ላይ ከፈትኩት። ሰው የለም። መጋረጃና ነጠላ ተቀላቅሎ መሃሉ ላይ ዓይንና ጥርስ።

አንተ ደብተር፣ የተገዛኸው ለዚህ ነው። የክሊኒኳ ነርስ ደም ግፊትህ ወጥቷል፣ ንዴትህን ጻፈው አለችኝ። ኦክቶበር 24 ሜዲካል ካርዴ፣ ለመንዳት ጤነኛ ነው የሚለው ወረቀት፣ ይታደሳል። ካርድ ከሌለ ቫን የለም። ከኢስት ፖይንት ፓርኪንግ ወደ ኤርፖርት ሰው ሳመላልስ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሌላ ሥራ አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ መማርም አልፈልግም። ስለዚህ ንዴቱ ወዳንተ። ቻለው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6። ቫን ውስጥ፣ እረፍት

ፎቶ ለምን አስፈለገ ትለኝ ይሆናል። በአበበቾች ምክንያት።

እድራችን ውስጥ ሦስት ወ/ሮ አበበች ነበሩ። አምና አንዷ አረፉ፣ ነፍስ ይማር። የእድሩ የስልክ ግሩፕ ላይ መልእክት ወጣ፤ ወ/ሮ አበበች አርፈዋል። የአባት ስም የለ፣ ሰፈር የለ። ግማሹ እድርተኛ ጥቁር ለብሶ፣ ምግብ ጭኖ ሎረንስቪል ሄደ። እኔም አለሁበት። በሩን የከፈቱልን ራሳቸው ወ/ሮ አበበች! በሽርጥ፣ እጃቸው ሊጥ እንደያዘ። ይሉኝታ ይዞን ለቅሶ መጥተን ነው ያለ አንድ ሰው የለም። እንዲሁ ልንጠይቅዎት ብለን ነው አልን። ሃያ ሰው፣ በጥቁር። ሴትየዋ ሞኝ አይደሉም። የራሳችንን ምግብ መልሰው አበሉንና በር ላይ ሲሸኙን፣ ስሞትም እንዲሁ አትቅሩ አሉን።

ከዚያ ወዲህ የእድሩ መዝገብ የእያንዳንዱ አባል ፎቶ ይኑረው ተባለ። ካሜራ ያለው ማን ነው? ታደሰ። ሥራ ከለቀቀ ሰው በርካሽ የገዛሁት፣ የጀርባው ስክሪን የሞተ፣ በቀዳዳ ብቻ የሚታይበት ካሜራ። እሺ ያልኩበት አፌ ይቆረጥ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8። ማታ 1 ሰዓት

ፎቶዎቹን ግሩፑ ላይ ለጠፍኳቸው። ምናልባት ጥፋቱ የስልኬ ነው ብዬ። ስልኬ ላይ ነጭ ነው፤ በካሜራው ቀዳዳ ሳየው ግን ደህና ነው። ከሁለት አንዱ ይዋሻል።

መልሱ ጎረፈ። እጅህ ይባረክ። እጅህን ቁርጥማት አይንካው። ልብ፣ አበባ፣ ጸሎት። አየህ? ስልኬ ነው። ልቤ ትንሽ አረፈ።

ከዚያ ወ/ሮ አበበች ደወሉ፤ የሎረንስቪሏ። መረቁኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፣ ገነትን ጠየቁ። (ገነት ባለቤቴ ናት። ከዚህ በኋላ ገ.። ሙሉ ስሟን ስጽፍ የጠራኋት ይመስለኛል፣ ከመጣች ደግሞ ታነበዋለች።) ሲጨርሱ፣ ቀስ ብለው፦ «ታዴ፣ ንቅሳቴን የት አደረስከው?»

ፎቷቸውን ከፍቼ አየሁ። አንገታቸው ላይ ሦስት ረድፍ፣ ግንባራቸው ላይ መስቀል የነበረው ንቅሳት የለም። ነጭ ወረቀት ላይ ሁለት ዓይን። እናታቸው ናቸው አሉ በልጅነታቸው ያስነቀሷቸው። ስልክዎ ነው እማማ፣ አልኳቸው። አሁን ሳስበው አፈርኩ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ቫን ቁ. 7 የፊት መብራቱ ደክሟል። ሦስተኛ ጊዜ ሪፖርት አደረግኩ። መካኒኩ አምፖሉን ቀይሬዋለሁ፣ አዲስ ነው ይላል። አዲሱም ደካማ ነው። የዘንድሮ አምፖል! ከፊት የሚመጡት ደግሞ ሌላ ጣጣ። ይህ አዲሱ ነጭ መብራታቸው ዓይን ያወጣል፤ ማለዳ ላይ መብራቱ ሁሉ ጢም አብቅሎ ነው የሚመጣው። መስታወቱን በቀን ሁለቴ እወለውላለሁ። ይቆሽሻል።

ካሜራውን ደግሞ፦ ሌንስ ጠረግኩ። ባትሪ ቀየርኩ። ሴቲንጉን በሙሉ ወደ ጥንቱ መለስኩ። ሦስት ቪዲዮ አየሁ። ሁሉም ቁልፏን አዙር ነው የሚሉት። አዙሬ ጨረስኩ እኮ!

እሑድ፣ ኦክቶበር 12። ከቀኑ 9 ሰዓት

ድጋሚ ላነሳ ሄድኩ። ቡናማ መጋረጃ ይዤ። የመጣው ስንት ሰው? አሥራ አንድ። ሌላው ራሱን አሞታል፣ ሥራ አለበት፣ ልጅ ሊያደርስ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ አትድከም ታዴ፣ ያለው ይበቃል አለኝ። ምን ያለው? ያለውማ ጥርስና ዓይን ነው።

አሥራ አንዱን አነሳሁ። አሁንም ጨለማ፣ አሁንም ፕላስ ሦስት። ቤት ስደርስ ስልኬ ላይ ነጭ። የገ.ን ስልክ ተቀብዬ አየሁ፣ ነጭ። በሁሉም ስልክ ላይ ነጭ ነው። ስለዚህ ጥፋተኛው ካሜራው ነው። ቀዳዳው ለእኔ አንድ ያሳየኛል፣ ለሰዉ ሌላ ይሰጣል። ግድግዳ ላይ ልወረውረው እጄን አንስቼ ነበር። ገ. ለግድግዳው ነው ያዘነችው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 14። ማታ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ገ. ወጥ እያማሰለች አመለጣት። መዝገቡ አልቋል። ሁሉም በየስልኩ ተነስቶ ለሊቀመንበሩ ልኳል። መቼ? ባለፈው ሳምንት! እጅህ ይባረክ ባሉኝ ማግስት። እሑድ የመጡት አሥራ አንዱም ሆድ እንዳይብሰኝ ተራ ወጥቶላቸው የመጡ ናቸው። ተራ!

አንቺስ ታውቂ ነበር? ታውቅ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም? ደም ግፊትህን ፈርቼ አለች። እንዳልናደድ ደበቁኝ፤ ይኸው ተናደድኩ። አንድ ሰው፣ አንድ የእግዜር ሰው፣ ታዴ ፎቶህ ተበላሽቷል ቢለኝ ምን ነበረበት? በጥቁር ልብስ በሰው በር ላይ ቆመን እንዲሁ ልንጠይቅዎት ያልነው ሰዎች፣ ያው ነን።

አንድ ሰው ብቻ ፎቶ አልላኩም። ወ/ሮ አበበች። ታዴ አጥፍቶታል፣ ታዴ ይመልሰዋል ብለዋል አሉ። ገጻቸው ባዶ ነው። ሊቀመንበሩ እስከሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ይጠብቃል።

እራት አልበላሁም። ከዚያ በላሁ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18። ከቀኑ 11 ሰዓት

ፓይን ሌክ ሄድኩ፣ ጋሽ ወርቁ ዘንድ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ይኸው ሞቷል፣ እርስዎ ይፍረዱ አልኳቸው። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ካሜራ ሲይዙ ግን ቀጥ ይላል። የለበሱትን ጋቢ አውልቀው በረንዳው ላይ ወንበር አለበሱት። ፀሐይ ሙሉ። በቀዳዳዋ አዩ፣ ቁልፏን ዞር ዞር አደረጉ። ፕላስ አንድ። ልክ ነው፣ ካሜራህ ጤነኛ ነው፣ እንካ እይ አሉ።

አየሁ። ጨለማ ነው ጋሽ ወርቁ።

ፊቴን አዩ። ሲጋራ ድሮ ትተዋል፤ ያን ጊዜ ግን የሚፈልጉ መሰለኝ። ከዚያ፦ «በየትኛው ዓይንህ ነው የምታየው?»

በቀኝ። ድሮም በቀኝ ነው።

«በል በግራ እይ።»

ግራ ዓይን ለማንሳት አይመችም፤ አፍንጫ ይከለክላል። እንደምንም አስጠጋሁ። ጋቢው ነጭ ሆነ። ጥለቱ ቀይ፣ ክሩ ሁሉ ተቆጠረ። ወደ ቀኝ መለስኩ፤ ሻይ የፈሰሰበት ጋቢ። ግራ፣ ነጭ። ቀኝ፣ ሻይ። አምስቴ፣ ስድስቴ አመላለስኩ። ካሜራው አይደለም። ስልኩ አይደለም። አምፖሉም አይደለም፣ መስታወቱም አይደለም።

የዓይን ሞራ ይሆናል፣ ሐኪም ያየዋል፣ እኔም ሁለቱንም አስገፍፌያለሁ፣ ምንም አይደል አሉኝ። ጋቢያቸውን መልሰው ለበሱ። ሥራህ ግን መንዳት ነው አይደል? አሉ። አዎ አልኩ።

ፈራሁ። እዚህ ላይ ልጻፈው እንጂ ለማንም አልልም። ፈራሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 19

ቤ/ክ አልሄድኩም። ሐሳቤን ለውጫለሁ፤ ትላንት ደክሞኝ ነበር። ጋሽ ወርቁም አርጅተዋል። ሽማግሌ ሁሉን በራሱ በሽታ ነው የሚያየው።

ወጥቼ መንገዱ ዳር ቆምኩና ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። የጎረቤቴ መኪና አለ። ሰሌዳው አለ። ቁጥሩ የለም። ጎረቤቴ በመስኮት ሲያየኝ እጄን አነሳሁለት።

በዚህ ዓይን ስንት ሰው ነው የጫንኩት? አሁን አልቆጥርም።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20። እረፍት

ለደረጀ ነገርኩት። ደረጀ እዚሁ አብሮኝ የሚነዳ ነው፤ ለገ. ያልነገርኩትን ለሱ መንገሬ ራሱ ይገርማል። ሳቀ። በዚህ ነው የምትጨነቀው? አለኝ። ከዋሌቱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የክሊኒኩ የዓይን ሰሌዳ፣ ከላይ እስከ ታች፣ በእጁ የተገለበጠ። «ሜን፣ ይሄ ቻርት ቼንጅ ሆኖ አያውቅም። ሜሞራይዝ አድርገው፣ ለነርሷ ዝርግፍ አድርግላት፣ ፓስ ትላለች።» ስንት ሾፌር በዚህ እንዳለፈ በስም ቆጠረልኝና ወረቀቱን ሰጠኝ። ከአንዱ ጋር አብሬ በልቻለሁ።

ፒ፣ ኢ፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ዲ። አምስተኛው መስመር ነው ዋናው። ልጅ ሆኜ ዳዊት ደግሜያለሁ፤ አምስት ፊደል ምኔ ነው? በአሥር ደቂቃ ያዝኩት። ከኋላ ወደ ፊትም እችላለሁ። ቀለለኝ። በእውነት ቀለለኝ፤ ከቅዳሜ ወዲህ መጀመሪያ የበላሁት ምሳ የዛሬው ነው።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 21። ከጠዋቱ 3 ሰዓት



ማለዳ። ገና አልነጋም። ዘጠኝ ሰው ጭኛለሁ፤ ከኋላዬ ሁለት ሕፃናት የያዘች እናት። ፓርኪንጉ ውስጥ ወደ ቀኝ ስታጠፍ ሴትዮዋ ጮኸች። ፍሬን ያዝኩ። ሻንጣ የሚጎትት ሰው፣ ጥቁር ካፖርት፣ ከቀኝ በኩል። ከመኪናው አንድ ክንድ። አላየሁትም። ዘግይቼ አየሁት አይደለም፣ አላየሁትም።

ሰውየው እጁን አነሳና ሶሪ አለኝ። ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው! ሴትዮዋም ተርሚናል ስትወርድ አመስግናኝ ወረደች። ቢ ሴፍ፣ ደህና ሁን አለችኝ። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ዛሬም ይሉኝታ። ፈረንጁም ይሉኝታ ጀመረ? አንድ ሰው ዓይንህ ታውሯል ወይ ብሎ ቢሰድበኝ እጁን እስም ነበር።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ መካኒክ ስከስ፣ አምፖል ስረግም፣ እድርተኛን እውነት አይናገርም ብዬ ሳማ። እኔስ? ዋሌቴ ውስጥ ምን አለ? እነሱ የደበቁኝ የተበላሸ ፎቶ ነው። እኔ የምደብቀው ከሕፃናት ፊት የተቀመጠ ዕውር ዓይን ነው።

ቫኑን አቆምኩ። ቁልፉን መኪና ለምትመድበን ዲስፓቸር ሰጠሁ፤ አሞኛል፣ እስከ ዓርብ አልነዳም አልኳት። ምንህን አላለችኝም።

ወደ ቤት የወሰደኝ አውቶቡስ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው አመላልሼ ዛሬ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22። ማታ 1 ሰዓት

ለገ. ነገርኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ተቆጣች፣ ከዚያ ጫማዋን አድርጋ ቁልፍ አነሳች። ሎረንስቪል እሷ ነዳች። መንገዱን ሙሉ ፍሬን ያዢ፣ መስመርሽን ጠብቂ አልኳት። በአንድ ዓይንህ ዝም በል አለችኝ። ሳቅን። ደግ ሳቅ አይደለም፣ ግን ሳቅን።

ወ/ሮ አበበች ነጭ ለብሰው ጠበቁን። ደጃፉ ላይ አስቀመጥኳቸው፣ ያኔ በጥቁር ልብስ የቆምንበት ቦታ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ እማማ፣ ያጠፋሁት በዓይኔ ነው፣ ስልክዎ ላይ ያሳበብኩትም ውሸት ነው። አውቃለሁ ልጄ፣ እኔ ስልኬ ጤነኛ መሆኑን መቼ አጣሁት አሉ። በግራዬ አየሁ። አፍንጫዬ ተጨፈለቀ። ፕላስ ሁለት፣ በዛ። ፕላስ አንድ። አንገታቸው ላይ አንደኛው ረድፍ ወጣ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ግንባራቸው ላይ መስቀሉ። ፊታቸው የራሳቸው፣ ጥቁር፣ የተሸበሸበ። ነጠላው ነጭ።

ፎቶውን ወደ ስልኬ አስገባሁ፤ ስልኩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩ። በጣታቸው ንቅሳቱን ተከተሉ።

«ይኸው እኔ ነኝ» አሉ። «አሁን ብሞት የምታለቅሱት ለእኔ ነው።»

ሐሙስ ሳይደርስ ለሊቀመንበሩ ላክሁ። እጅህ ይባረክ ብሎ መለሰ። ምን ማለቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ማወቂያ መንገድም የለም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል፣ ክሊኒክ

ገ. ውጭ መኪና ውስጥ አለች። ደም ግፊት ተለካሁ፣ ወርዷል። አየህ ደብተር፣ ሥራህን ሠርተሃል።

ፎርም ሰጥተውኛል። በየዓመቱ ሳላነበው ከላይ እስከ ታች የለም፣ የለም፣ የለም እል ነበር። ዛሬ አነበብኩት፤ በግራ። ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ዓይን ነው። አዎ ላይ ምልክት አደረግኩ። እስክሪብቶው አልወጣ ብሎ ሁለቴ ደገምኩት፤ አሁን ከሁሉም እሱ ደምቆ ይታያል።

ካርዱን ዛሬ አይሰጡኝም። ሞራው እስኪገፈፍ ስንት ወር እንደሚቆይ አላውቅም። ኩባንያው ይጠብቀኝ አይጠብቀኝ አላውቅም።

አንድ ችግር ቀረ። የደረጀን ወረቀት ትላንት ቀደድኩት፤ ፊደሎቹ ግን አልወጡም። ሌላ ነገር ላስብ ብዬ አባታችን ሆይ ጀመርኩ፤ መሃል ላይ ፒ፣ ኢ፣ ሲ ገባ። ከዚህ ወንበር ሆኜ ሰሌዳው ይታየኛል። ግራዬን ሸፈንኩ፤ ጭጋግ ነው፣ ግን ምላሴ ያነበዋል። ምልክቱን ባደርግም፣ እዚያ ቆሜ ነርሷ ስትጠይቀኝ አፌ ቀድሞኝ እንዳያልፍ ፈራሁ። አፌን አውቀዋለሁ።

ስለዚህ ወሰንኩ። ስገባ፣ ሳልቀመጥ፣ መጀመሪያ የምላት ይህ ነው፤ እባክሽ ሰሌዳውን ቀይሪልኝ፣ ይህን በቃሌ ይዤዋለሁ። እንግሊዝኛውን እያዘጋጀሁ ነው። ፕሊስ፣ አናዘር ቻርት። ዚስ ዋን አይ

ስሜን እንደ ሁልጊዜው ሰባብራ ጠራች